ከሰባ በታች

በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ድሬዳዋ ውስጥ አውቶቡስ አመለጠኝ ብሎ የሚሮጥ ሰው አልነበረም። አውቶቡሱ ከሄደ ሄደ ነው፤ ሌላ ይመጣል። ዝናብ ሲመጣም ሰው እየበሰበሰ ቀስ ብሎ ይሄዳል እንጂ ወደ በረንዳ አይሮጥም። ልጅ መንገድ ላይ ዱብ ዱብ ካለ እናቱ ጆሮውን ይዛ፣ «ማን እንዲያይህ ነው?» ትለዋለች። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ በትልቁ ተጽፏል፤ ለቀለሙ ያዋጡት ወላጆች ናቸው። የድሬ ሰው ድሮም ዘና ማለት ይወዳል ይባል ነበር። ያኔ ወዶ ነው፣ አሁን ፈርቶ ነው።

ረምዚ አብዶሽ ከአራት ዓመት አገልግሎት በተመለሰ በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጣና ከሰፈሩ ከሳቢያን እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሶ ተመለሰ። ሚስቱ ሂክማ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዳቦውን ተቀበለችው፤ ገና ትኩስ ነው።

«ሰፈሩ ሁሉ አይቶሃል» አለችው።

«ምን አደረግኩ?»

«ሮጥክ።»

ረምዚ ወደ እግሮቹ አየ። እውነቷን ነው፤ ልብ አላለውም እንጂ ሮጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግንባር ሰማይ ሥር ሞተር ያለው ነገር ሁሉ፣ ሲግናል የሚልክ ነገር ሁሉ አንድ ደቂቃ አይቆይም፤ ከላይ ይመታል። አምቡላንስ ይመታል፣ ሮቦት ይመታል፣ ሬዲዮ የያዘ ሰው ይመታል። ስለዚህ ቁስለኛ የሚወጣው እንደ ጥንቱ በሰው ትከሻ ነው። ትከሻውን የሚያደርሰው ደግሞ እግር ነው፤ አገር ምድሩን ቢያስሱ ከኳስ ተጫዋች የተሻለ እግር የት ይገኛል? እናም ሕግ ወጣ። መለኪያ ሰደርያ ሳይለብስ ማንም ሰው ክለብ ውስጥ ኳስ አይነካም። ሰደርያው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ አንድ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ጥሪ ቢሮ ይሄዳል። ከሰባ በታች የሆነ እቤቱ ያድራል። ከሰባ በላይ የሆነ ተሸካሚ ይሆናል።

ክለቦቹም መቼስ ሞኝ አይደሉም፤ ኳሱን ቀየሩት። አሁን ተጫዋቾች ቆመው ነው የሚጫወቱት። ኳሷ ከእግር ወደ እግር ትሄዳለች፣ ሰው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የዚያ ዘመን የሐዲድ ክለብ አጥቂ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበር፤ ቦርጩ ከማልያው ሥር ብቅ ይላል፣ ቁጥሩ ሠላሳ አንድ ነው፣ ክለቦች ይሻሙበታል። ጎል የሚቆጠረው በቅጣት ምት ነው፤ ቅጣት ምት የሚገኘው ደግሞ በመውደቅ ነው። ድሮ ልጆች ማታለልና መንጠቅ እንደሚማሩት አሁን አወዳደቅ ይማራሉ። ጉልበቱን ይዞ እየተንከባለለ የሚያለቅስ ጎበዝ ወጣት ሲወድቅ ተመልካቹ ያጨበጭባል።

ረምዚን ለጥሪ የሰጠው አንዲት ሩጫ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ አንዲት ኳስ ወደ ውጭ ልትወጣ ስትል ተከትሏት ሄደና ከመስመሩ ላይ መለሳት፤ ጎል እንኳ አልሆነችም። በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎት ነበር፣ ሌላ ነገር አላሰበም። ቁጥሩ ሰማንያ አራት ወጣ፤ ወረቀቱ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ሂክማን ካገባት አምስት ወሩ ነበር።

አሁን ተመልሷል፣ ነገር ግን መመለሱ ገና አልጸናም። የተመለሰ ተሸካሚ በስልሳ ቀን ውስጥ በቀድሞ ሥራው ካልተመዘገበ ሥራ ፈት ይባልና ሁለተኛ ጥሪ ይደርሰዋል። ከድሬዳዋ በሁለተኛ ጥሪ የሄዱት አሥራ አንድ ናቸው። የተመለሰው አንድ ነው፤ እሱም ከእናቱ ቤት አይወጣም። የረምዚ የቀድሞ ሥራ ኳስ ነው። ሐዲድ ክለብ ለአንድ ሙከራ ጠርቶታል፤ በሃምሳ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት። ጥሩ ተጫውቶ ቁጥሩ ከሰባ በታች ከሆነ ይመዘገባል። ከሰባ በላይ ከሆነ ስልሳው ቀን እስኪያልቅም አይጠብቁትም።

ስለዚህ ሂክማ መራመድ ታስተምረው ጀመር። ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ተቀምጦ መንገዱ ጭር ሲል፣ ይዛው ትወጣለች። ከሳቢያን እስከ ከዚራ በዛፎቹ ጥላ ሥር። እግሩ አልሰማ ይላል፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ይፈጥናል። ክንዱን ብትይዘው ይጎትታታል። በመጨረሻ ቀበቶውን ከኋላው ጨብጣ መሄድ ጀመረች።

«አቦ ሂክማ፣ እንዳያመልጥሽ ነው?» ይሏታል በረንዳ ላይ የተቀመጡት።

«አዎ» ትላቸዋለች፣ ሳትስቅ።

አንድ ቀን የባቡር ጣቢያው አጠገብ ቁጭ ብለው ሲያርፉ፣ «እዚያ እንዴት ነበር የምትመርጡት?» ብላ ጠየቀችው። «ብዙ ሰው ሲወድቅ ማንን ነው የምታነሱት?»

ረምዚ ስለ ግንባር አውርቷት አያውቅም ነበር። ዛሬ ግን መለሰላት። «የሚጮኸውን እናልፈዋለን። የሚጮህ ሰው ይተነፍሳል፤ ይቆያል። አፉን ከፍቶ ድምፅ ያልወጣውን ነው የምናነሳው።»

«ጩኸቱን እየሰማችሁ ታልፋላችሁ?»

«መጀመሪያ ወር ላይ ከባድ ነው» አላት። ሂክማ ተነስታ ቀበቶውን ጨበጠች።

ቅዳሜ ደረሰ። የሐዲድ ሜዳ ዙሪያው ባዶ ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ደረጃ አለው፣ እሱም ላይ ልምምድ ሳያዩ ውለው የማያውቁ አርባ የሚሆኑ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሂክማ ከእነሱ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አሰልጣኙ ጋሽ ወንድይራድ ረምዚን ጥግ ወስደው ሰደርያውን ራሳቸው አሰሩለት።

«ልጄ፣ እግርህ ወርቅ ነው፣ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ለወርቁ ቦታ የለኝም። ቆመህ አቀብል። ኳስ ካለፈችህ ትለፍህ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«እሺ ጋሼ።»

«ኳስ ካለፈችህስ?»

«ትለፈኝ።»

በመሃል መስመሩ ጫፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ የተቀመጠችው የልኬት ሠራተኛዋ ፈትለወርቅ ናት። ወፍራም፣ ረጋ ያለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ ሴት። ያየችውን ትጽፋለች፣ ያላየችውን አትጽፍም። ይህን ባሕርይዋን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ጨዋታው ከክለቡ ተጠባባቂዎች ጋር ነበር። ረምዚ መጀመሪያ እግሩ ልሂድ ልሂድ አለው፤ ከዚያ ግን ኳሷ ራሷ አረጋጋችው። አንድ አቀበለ፣ ሁለት አቀበለ፣ በሦስተኛዋ ሽማግሌዎቹ «እህ!» አሉ። አራት ዓመት ኳስ ሳይነካ ቆይቶ እንዲህ ማቀበሉ ራሱንም ገረመው። በግራ ክንፍ በኩል አንዲት ኳስ አለፈችው፤ ጥርሱን ነክሶ ተዋት። ሁለት ተጠባባቂዎች በየተራ ወድቀው እየተንከባለሉ እሪ አሉ፤ እሱ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሳቀ። ግማሽ ሰዓት ሲሆን ፈትለወርቅ ጣቷን አንስታ እስከዚያ ያለውን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች። አርባ ስድስት። ጋሽ ወንድይራድ ከዳር ሆነው ራሳቸውን በደስታ ነቀነቁ፤ ሂክማም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኋላ ደገፍ አለች።

ከዚያ ናሆም ወደቀ።

ናሆም የሃያ ዓመት ተጠባባቂ ነው፣ ረጅም፣ ቀጭን። ረምዚ ኳሷን እግሩ ሥር ይዞ ለማን እንደሚሰጥ ሲያይ ናሆም ከጎኑ ትንሽ ነካ አደረገውና ወደቀ። አልጮኸም። አልተንከባለለም። በጀርባው ተዘርግቶ አፉን ከፈተ፤ ከአፉ ምንም አልወጣም። የቀኝ እጁ ጣቶች ሣሩን ይቧጭራሉ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቀርቷል።

ረምዚ ኳሷን መቼ እንደተዋት አያውቅም። ጎንበስ አለ፣ ክንዱን በልጁ ጉልበት ሥር አስገባ፣ ትከሻው ላይ ጣለው፣ ተነሳ። ከዚያ ሮጠ። ቀጥ ብሎ አልሮጠም፤ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ተሸካሚ ከላይ በቀላሉ ይታያል። ወደ ግራ ሰባት፣ ወደ ቀኝ አምስት፣ እንደገና ወደ ግራ። ጋሽ ወንድይራድ ስሙን ይጠራሉ። ሂክማም ትጠራዋለች። ድምፅ መሆኑን ይሰማል፣ ምን እንደሚሉ ግን አይሰማም።

«አቦ አውርደኝ!» ይላል ናሆም ከትከሻው ላይ። «ረምዚ፣ ምንም አልሆንኩም! ደህና ነኝ!»

ቁስለኛ ሁሉ እንዲህ ይላል። ሆዱ የተከፈተውም ይላል። «እሺ ወንድሜ፣ ደረስን» አለው ረምዚ፣ ለሁሉም እንደሚለው።

ከደረጃው ጀርባ ያለው የሲሚንቶ ግድግዳ ሥር አወረደውና በላዩ ላይ ጎንበስ ብሎ በገዛ ጀርባው ሸፈነው። ምንም አልመጣም። ሰማዩ ባዶ ነው፤ ሁለት ቁራዎች ብቻ ይዞራሉ። ያኔ ጭብጨባ ሰማ። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነስተው ያጨበጭባሉ። ሰው እንዲህ ሲሮጥ ካዩ ዓመታት አልፈዋል፤ አንዱማ ዓይኑን በመዳፉ ይጠርጋል። ክፋት አስበው አይደለም፤ አምሯቸው ነው።

ናሆም ቁጭ ብሎ ክርኑን እያሻሸ ያየዋል። አንድም ቦታ አልተጎዳም። ረምዚ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ።

ፈትለወርቅ ሰሌዳዋን ይዛ መጣች፤ በእርምጃ እንጂ በሩጫ አይደለም። ጋሽ ወንድይራድ ከኋላዋ ናቸው። «ሰማንያ ስምንት» አለች። መነጽሯን አወለቀችና ጠረገችው። «ሕጉ እንዲህ ይላል። ሰው ለማዳን የተሮጠ ሩጫ አይቆጠርም፤ የዳነው ሰው በእርግጥ የተጎዳ ከሆነ። ሐኪም አይቶ ይፈርማል። ሐኪሙን ጠርቻለሁ፣ ከለገሃሬ ነው የሚመጣው። ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ እሱም አይሮጥም።» የናሆምን እግር አየችና ቶሎ ፊቷን መለሰች። «ልጁ እንዴት እንደሆነ እኔ አላየሁም። ሻይ ልጠጣ።»

ሄደች። ጋሽ ወንድይራድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ልጆቹን ውሃ ላጠጣ» አሉና እሳቸውም ሄዱ። ግድግዳው ሥር ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ሳይጮኹ መውደቅ ማን አስተማረህ?» አለ ረምዚ።

«እንዳንተ ከግንባር የተመለሰ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ ያስተምራል። ዳኛ በጩኸት ማመን ትቷል ብሎ...» ናሆም አቀረቀረ። «አንተን እንዲህ ያደርግሃል ብዬ አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም።»

ረምዚ ያ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል አሰበ። በመጀመሪያ ተናደደ፤ አብረው የቀበሩትን ዝምታ አምጥቶ ለልጆች መሸጡ አንገበገበው። ከዚያ ግን ሰውዬውም ስልሳ ቀን እንደነበረው ትዝ አለውና ንዴቱን የሚያሳርፍበት አጣ።

«ቁጥሬ ስልሳ ስምንት ነው» አለ ናሆም በድንገት።

«ምን?»

«ባለፈው ወር ስልሳ ሁለት ነበር። ከዚያ በፊት ሃምሳ ሰባት። ሜዳ ላይ ቆሜ ነው የምውለው፣ ለምን እንደሚጨምር አይገባኝም። እግሬ ራሱ ይሄዳል።» ቀኝ እግሩን ወደ ረምዚ ዘረጋ። «አንተ ብዙ አይተሃል። የትኛው አጥንት እንደሚድን ታውቃለህ።»

ረምዚ ምን እንደተጠየቀ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ወደኋላ ሸሸ፤ ግድግዳው ያዘው። «እኔ የተሰበረ የምሸከም ሰው ነኝ። ሰው ሰብሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ሁለታችንንም ይወስዱናል። አንተን በዚህ ሳምንት፣ እኔን በሚቀጥለው ወር።»

ሂክማ ደረጃውን ዞራ ደረሰች። ከሜዳው ማዶ የፈትለወርቅ የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ይሰማል። ሂክማ የተዘረጋውን እግር አየች፤ የባሏንም ፊት አየች። ነገሩን ማንም አላስረዳትም።

«ስንት ደቂቃ ቀረ?» አለች።

«አሥራ ሁለት» አለ ናሆም።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አላት ረምዚ። እንድትከለክለው ፈልጎ ነበር። አትንካው ብትለው ቃሏን ይዞ ይሄድ ነበር፣ ግንባር ድረስም ቢሆን።

«እኔ አራት ዓመት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሞትህን ሊነግሩኝ ነው እያልኩ ከፍቻለሁ» አለችው። «እኔን አትጠይቀኝ፣ ረምዚ። ልጁ እየለመነህ ነው።» ተንበረከከችና የቦርሳዋን ማንገቻ ሁለት ጊዜ አጥፋ ለናሆም ሰጠችው። «ንከሰው።»

ረምዚ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው ተሸክሟል። የትኛው አጥንት በስምንት ሳምንት እንደሚገጥም፣ የትኛው ዕድሜ ልክ እንደሚያነክስ ትከሻው ያውቀዋል። ያ ሁሉ ዕውቀት ለማዳን ነበር። እጆቹን በልጁ ቁርጭምጭሚት ላይ አስቀመጠ፤ አልተንቀጠቀጡም፤ በዚህም አፈረ። «ወደ ሌላ ቦታ እይ» አለው። ናሆም ወደ ሂክማ አየ።

በዚህ ጊዜ ጮኸ። ማንገቻው ከአፉ ወደቀና ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ እስኪሰሙት ጮኸ። ጭብጨባም ሆነ ሳቅ አልነበረም።

ሐኪሙ ሲመጣ ልጁ እያለቀሰ ረምዚ እጁን ይዞታል። ሐኪሙ ቁርጭምጭሚቱን ዳሰሰ፣ ረምዚን ቀና ብሎ አየው፣ ምንም አልጠየቀም። ፈረመ። ፈትለወርቅ ሰማንያ ስምንትን ሰርዛ አርባ ስድስት ጻፈች። ጋሽ ወንድይራድ ሰኞ ጠዋት ምዝገባውን ጨረሱ። ሂክማ ወረቀቱን አልጋቸው ራስጌ ላይ አንጠለጠለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ አይደለም። ረምዚ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆሞ ያቀብላል፤ ቁጥሩ ከሃምሳ አልፎ አያውቅም። ኳስ ሲያልፈው አሁን ጥርሱን አይነክስም። የናሆም እግር ገጠመ፣ ትንሽ ያነክሳል፣ ቁጥሩ ከእንግዲህ አርባም አይደርስም። እናቱ ትሪ ሙሉ ጣፋጭ ሃለዋ ላከችላቸው፤ ምርቃቷም አብሮ መጣ። ረምዚ አልቀመሰውም። ሂክማ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቆረሰች ጨረሰችው።

ናሆም ለማንም አልነገርኩም ብሎ ይምላል። ድሬ ግን ድሬ ናት፤ በረንዳው ሁሉ ጆሮ ነው።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሂክማ ከፈተች። ከመጋላ የመጡ አንዲት ሴት ቆመዋል፤ ከኋላቸው ከበሩ ጉበን የሚረዝም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃቸው አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ። «ሰላም ናችሁ? ቤቱስ፣ ሁሉ ሰላም? የኔው ልጅ ነው። ለሁለተኛ ዲቪዚዮን ይጫወታል። ባለፈው ሳምንት ስልሳ ዘጠኝ ወጣበት።» ወደ ውስጥ አዩ። «ባልሽ አለ?»

ረምዚ ውስጥ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። የለም በያቸው ለማለት አፉን ከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሂክማ ዞር ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች።

«ግቡ» አለች።

ሴትዮዋ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ልጁም ጎንበስ ብሎ ተከተላቸው። ሴትዮዋ ብብታቸው ሥር አዲስ ክራንች ይዘዋል፤ ከነላስቲኩ ነው፣ ገና አልተፈታም።